አብረው የሚመጡ የሴንሰር ኮዶች፦ በአሮጌ ኮሮላ ላይ ጥፋቱን ማግኘት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ኮሮላ የቼክ ኢንጂን መብራት አብርቶ በጥፋት ቁጥሮች (ኮዶች) ሁለት ሦስት ሴንሰር በአንድ ጊዜ ሲከስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሮቹ ደህና ናቸው። የተበላሸው የሚጋሩት ሽቦ ነው። ይህን ሳያጣሩ ሴንሰር በሴንሰር መቀየር ገንዘብ ከመፍጀቱም ሌላ፣ ያገለገለ ሴንሰር ከተገዛ በነበረው ጥፋት ላይ ሌላ ሊጨምር ይችላል። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳበላሸ መለየት ከባድ ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 4ኤ-ኤፍኢ፣ 5ኤ-ኤፍኢ ወይም 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላላቸው፣ በማፕ ሴንሰር ለሚሠሩ ኮሮላዎች ነው። ማፕ ሴንሰር በኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ያለውን ግፊት የምትለካ፣ ሦስት ሽቦ የገባባት ትንሽ ጥቁር ሣጥን ናት፤ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ትታሰራለች፤ ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይመጣላታል። በምትኩ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ትልቁ የአየር ቱቦ ላይ የተሰካ የአየር መጠን መለኪያ ካዩ መኪናው የተለየ ነው። የጋራ ሽቦን የሚመለከተው ክፍል ለሱም ይሠራል፤ የማፕ ቁጥሮቹ ግን አይሠሩም።

ሴንሰሮቹ የሚጋሩት

የሞተሩ ኮምፒውተር ለማፕ ሴንሰሩና ለትሮትል ሴንሰሩ (የአየር መግቢያው ምን ያህል እንደተከፈተ ለሚለካው) በአንድ መስመር 5 ቮልት ይልካል። ይህ መስመር በቶዮታ የሽቦ ንድፍ ላይ ቪሲ ይባላል። የመመለሻው ኔጋቲቭ ደግሞ ኢ2 ነው። ኢ2ን አራቱም ይጠቀሙበታል፤ ማፕ፣ ትሮትል፣ የውኃ ሙቀት እና የአየር ሙቀት ሴንሰሮች። ሁለቱ የሙቀት ሴንሰሮች ቪሲ አይደርሳቸውም፤ 5 ቮልታቸውን የሚያገኙት በራሳቸው የምልክት ሽቦ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቪሲ ሲበጠስ የሚወድቁት ማፕና ትሮትል ብቻ ናቸው። ኢ2 ሲበጠስ አራቱም ይወድቃሉ።

ኢ2 ሙሉ በሙሉ ሳይበጠስ ዝገት ይዞት ሲያስቸግር ነው ነገሩ የሚከፋው። በዝገቱ ምክንያት በኔጋቲቩ ላይ ጥቂት ቮልት ይቀራል፤ የሁሉም ሴንሰር ምልክት በዚያው መጠን ወደ ላይ ይገፋል። የውኃው ሴንሰር “ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው” ይላል፤ የአየሩም እንዲሁ። ትሮትሉ “እግር ተጭኗል”፣ ማፑ “ጭነት አለ” ይላሉ። አራቱም በአንድ ድምፅ ነዳጅ ጨምር ነው የሚሉት። ኮዱ ላይመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የማይሆን ቁጥር አይደለም። መኪናው ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይወዛወዛል፤ መካኒኩም ኢንጀክተር ማጠብ ይጀምራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዲጂታል መልቲሜትር ዋናው ነው። በአምፖል የሚሠራ የሽቦ መፈተሻ በሴንሰር ሽቦ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የሚስበው ከረንት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ጫፎቹ የተላጡ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ፣ ሶኬቱን ሳይነቅሉ ከኋላ በኩል ለመለካት ሁለት ቀጫጭን መርፌ፣ የ330 ኦም ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ፣ ስታኞ ከነመበየጃው፣ ናስትሮ። የእጅ ቫኪዩም (አየር መሳቢያ) ፓምፕ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ባይገኝም ሥራው አይቆምም።

ኮዱን ማንበብ

1. ሞተሩን ያጥፉ። ባትሪው ከ11 ቮልት በላይ መሆኑን ይለኩ። ማርሹ ገለልተኛ ላይ ይሁን፤ መብራት፣ ሬዲዮና ኤርኮንዲሽነር ይጥፉ፤ እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ያንሱ።

2. ኮፈኑን ከፍተው “ዲያግኖሲስ” የሚል ጽሑፍ ያለበትን ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን ያግኙ። የቀዳዳዎቹ ስም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተስሏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በሽቦው ያገናኙ። ቀዳዳዎቹን ደጋግመው ያረጋግጡ፤ +ቢ የሚለውን ከኢ1 ጋር ካገናኙ ፊውዝ ይቃጠላል።

3. ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ፤ ሞተሩን ግን አያስነሱ። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ያለማቋረጥ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ከበራ ኮድ የለም ማለት ነው። ኮድ ካለ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ 1.5 ሰከንድ አርፎ የአንድ ቤቱን ቁጥር ይቆጥራል። ሦስት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ አንድ ብልጭታ ማለት 31 ነው። ወደ ሌላ ኮድ ሲያልፍ 2.5 ሰከንድ፣ ሁሉንም ጨርሶ እንደገና ሲጀምር 4.5 ሰከንድ ይቆማል። ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ ስለሚሄድ ሁለት ዙር ቢቆጥሩ አይሳሳቱም።

4. ሁሉንም ይጻፉ። ሳይጽፉ ፊውዝ አይንቀሉ፤ የኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫው ሥርዓት) ፊውዝ ከተነቀለ ኮዱ ይጠፋል።

ቁልፉ ኦን ሆኖ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ጭራሽ ካልበራ፣ ሞተሩም ካልተነሳ፣ አምፖሉንና የኢኤፍአይ ፊውዙን ካዩ በኋላ ቀጥታ ወደ ቪሲ ይሂዱ። የ5 ቮልቱ መስመር ከኔጋቲቭ ጋር ሲነካካ ኮምፒውተሩ ራሱ ሥራ ያቆማል፤ መብራቱንም ማብራት አይችልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ኮምፒውተር ሞቷል ተብሎ የሚቀየርበት ጊዜ አለ።

ኮዶቹን አንድ ላይ ማየት

22 የውኃ ሙቀት፣ 24 የአየር ሙቀት፣ 31 ማፕ፣ 41 ትሮትል ነው። 21 የኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው)፣ 25 የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ነዳጅ አነሰው፣ 26 ነዳጅ በዛው ማለት ነው። 12 እና 14 ከዲስትሪቢዩተርና ከኢግኒሽን የሚመጡ ናቸው፤ የራሳቸው መስመር ስላላቸው እዚህ አንገባባቸውም።

31 እና 41 አብረው ከመጡ ቪሲን ይጠርጥሩ። 22 እና 24 አብረው ከመጡ፣ በተለይ 31 ወይም 41 ከተጨመረ፣ ኢ2 ነው። 31 ብቻውን ከሆነ ማፕ ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ ወይም የምልክት ሽቦው። 22 ብቻውን ከሆነ ሴንሰሩ ወይም ሶኬቱ። 25 ወይም 26 ከነ21 መጥተው ሌላ ኮድ ከሌለ ግን ኦክስጅን ሴንሰሩን ለመግዛት አይቸኩሉ፤ እሱ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። መጀመሪያ የማፕ ቱቦውን፣ ከዚያ የነዳጅ ግፊቱን ይዩ። በ4ኤ-ኤፍኢ የግፊት መቆጣጠሪያው ቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ከ265 እስከ 304 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት።

51 ከታየ ኤርኮንዲሽነር በርቶ ወይም እግር ቤንዚን መስጫው ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን አስተካክለው እንደገና ያንብቡ።

ቪሲን መለካት

የትሮትል ሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉ። ቁልፉን ኦን አድርገው ከሽቦው በኩል ባለው ሶኬት ላይ በቪሲና በኢ2 መካከል ይለኩ። ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት መሆን አለበት። የትኛው ፒን የትኛው እንደሆነ ካላወቁ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው በቀዩ እያንዳንዱን ይንኩ፤ ቋሚ 5 ቮልት የሚያሳየው ቪሲ ነው። አንዳንድ ማንዋል ማርሽ መኪና ላይ ትሮትሉ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ያለው ሆኖ ቪሲ ላይገባው ይችላል፤ ያኔ ማፑ ሶኬት ላይ ይለኩ።

5 ቮልት ከሌለ የማፑንም ሶኬት ይንቀሉና እንደገና ይለኩ። ማፑ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ማፕ ሴንሰሩ ውስጡ ተነካክቷል፤ እሱ ይቀየራል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ትሮትሉን መልሰው ሲሰኩ እንደገና ከጠፋ ጥፋተኛው ትሮትሉ ነው። ሁለቱም ተነቅለው 5 ቮልት ካልመጣ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ መሃል በታች ወይም ከጓንት ሣጥኑ ኋላ ይገኛል። እዚያ በቪሲ ፒን ላይ 5 ቮልት ካለ ሽቦው መንገድ ላይ ተበጥሷል። እዚያም ከሌለ፣ የኮምፒውተሩ +ቢ ፒን የባትሪ ቮልት እያገኘ መሆኑን፣ የኢ1 ኔጋቲቩም መታሰሩን ያጣሩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቁልፉን አጥፍተው የቪሲ ሽቦውን ከኔጋቲቭ ጋር መነካካቱን በኦም ይለኩ። ይህም ንጹሕ ከሆነ ነው ወደ ኮምፒውተሩ ጣት መቀሰር የሚቻለው።

ሽቦው የሚጎዳው በታወቁ ቦታዎች ነው፦ ጥቅሉ ከሲሊንደር ሄዱ በላይ የሚያልፍበት፣ ከጭስ ቱቦ ጋር የሚቀራረብበት፣ ግድግዳውን የሚያልፍበት ጎማ። መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ አይጥ የበላውም ይገኛል።

ኢ2ን መለካት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በኦም ለክቶ “ይገናኛል” ማለት አይበቃም፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም በኦም ሲለካ ይገናኛል። በቮልት መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው።

ሁሉንም ሶኬቶች መልሰው ይሰኩ። ሞተሩን ያስነሱ፤ የፊት መብራትና የማሞቂያውን ማራገቢያ ያብሩ። ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ በቀዩ መርፌ ደግሞ ከሶኬቱ ኋላ በኩል የትሮትሉን ኢ2 ይንኩ። ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ካሳየ ኮምፒውተሩ ጋ ሄደው ኢ1ን በተመሳሳይ መንገድ ይለኩ። ኢ1 ላይም ያው ቮልት ካለ ችግሩ የሞተሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ኢ1 ደህና ሆኖ ሴንሰሩ ጋ ያለው ኢ2 ብቻ ከፍ ካለ በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ሽቦ ነው።

የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ሽቦዎች በእነዚህ ሞተሮች ላይ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ። ሞተር ከወረደ ወይም ሄድ ከተከፈተ በኋላ ኮድ መምጣት ከጀመረ መጀመሪያ ይህን ቡሎን ይዩ፤ ላልቶ፣ ቀለም ተቀብቶበት ወይም ጨርሶ ተረስቶ ሊገኝ ይችላል። ፈትተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱና ያጥብቁ። ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከቦዲ ወደ ሞተር የሚሄዱትንም ወፍራም ሽቦዎች አብረው ያጽዱ።

ማፕ ሴንሰር እና ከፍታ

እዚህ ላይ የፋብሪካው መመሪያ አዲስ አበባ ላይ ያለውን ሰው ያሳስታል። መመሪያው ቁልፉ ኦን ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ የማፑ ምልክት፣ ማለትም ፒአይኤም፣ ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ይሁን ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ነው፤ ከባሕር ጠለል በ190 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ያንሳል። ማፑ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ስለሚቀንስ፣ ደህና ሴንሰር አዲስ አበባ ላይ 2.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አዳማ ላይ 3 ቮልት ገደማ፣ ድሬዳዋ ላይ 3.2 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ 3.6 ቮልት የሚያሳይ ማፕ ካገኙ መመሪያው ደህና ቢለውም ይጠርጥሩት፤ ኢ2ንም መልሰው ይለኩ።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ምልክቱ 1.5 ቮልት አካባቢ መውረድ አለበት። ሳይወርድ 2.5 ላይ ከቆየ ቫኪዩሙ አልደረሰውም። ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው ያጥፉት፣ ይዘርጉት፤ ስንጥቅ የሚታየው ሲታጠፍ ነው። በውስጡ ቢነፉ አየር ያለ ችግር ማለፍ አለበት፤ መስመሩ ላይ ትንሽ ማጣሪያ ካለ እሷም ትዘጋለች። ቱቦው ሲነቀል ወይም ሲሰነጠቅ ማፑ የውጭውን ግፊት ስለሚያይ ኮምፒውተሩ መኪናው አቀበት ላይ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ እየወጣ ይመስለዋል፤ ጥቁር ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሲቀይሩ ጠንካራ የቫኪዩም ቱቦ ይጠቀሙ፤ ለስላሳ ቱቦ በቫኪዩም ይጣበቃል።

ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተሽ ቁልፉን ኦን አድርገው በፓምፕ ቫኪዩም ይስጡት። 200 ሚሊ ሜትር ላይ ከመነሻው ከ0.7 እስከ 0.9 ቮልት፣ 400 ላይ ከ1.5 እስከ 1.7 መቀነስ አለበት። ፓምፕ ከሌለ በቱቦ በአፍ ይሳቡት፤ ቮልቱ ወዲያው ወርዶ ሲለቁት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ሴንሰሩ አልቋል።

የሙቀት ሴንሰሮች

በሞተሩ ላይ ሁለት የውኃ ሙቀት ሴንሰር አለ። ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርዱን ጌጅ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው። ጌጁ በትክክል መሥራቱ ስለ ሁለተኛው ምንም አይነግርዎትም። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ የአየር ፊልትሮው ሣጥን ላይ ነው።

ሁለቱን ለማወዳደር ቀላሉ ጊዜ መኪናው ሲያድር ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሶኬታቸውን ነቅለው በኦም ይለኩ፤ የሁለቱ ቁጥር መቀራረብ አለበት። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ40 ዲግሪ ከ0.9 እስከ 1.3፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ነው። ሴንሰሩን በፈላ ውኃ የሚፈትሹ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንጂ 100 ላይ እንዳልሆነ ይወቁ።

የውኃው ሴንሰር ሲበጠስ ኮምፒውተሩ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይወስናል፤ የአየሩ ሲበጠስ 20 ዲግሪ። ስለዚህ 22 ኮድ ያለው መኪና ጠዋት በብዙ ሞተሪኖ ይነሳል፣ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም አይለውም። ሶኬቱ ውስጥ ዝገት ኖሮ 5 ኪሎ ኦም ያህል ከጨመረበት ደግሞ ኮምፒውተሩ ውርጭ ያለ መስሎት ነዳጅ ይጨምራል፤ ኮድ ግን አያወጣም። ይህን ለመያዝ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ አጥፍተው የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉ፤ በምትኩ የ330 ኦሙን ሬዚስተር ይሰኩና ያስነሱ። ሬዚስተሩ ለኮምፒውተሩ 80 ዲግሪ ይነግረዋል። ጭሱ ከጠፋና ሚኒሞው ከተረጋጋ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሶኬቱ ፒኖች ላይ ነው። ሬዚስተሩን እዚያው ትቶ መንዳት ግን አይሞከርም፤ ጠዋት አይነሳም።

በጋራዦች የተለመደ አንድ ልማድ አለ፤ ሞተር ይሞቃል ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ያኔ ሞተሩ በተለይ በቀዝቃዛ ቀንና በቀለበት መንገድ ላይ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ይውላል፤ ሴንሰሩም እውነቱን ተናግሮ ነዳጅ ያስጨምራል። እዚህ ላይ ሴንሰር መቀየር ትርፉ ኪሳራ ነው። ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ይመለስ፤ ሞተሩ ይሞቅ የነበረበትም ምክንያት ራዲያተሩ ወይም ማራገቢያው ላይ ይፈለግ።

ትሮትል እና ኦክስጅን ሴንሰር

ትሮትሉ ተዘግቶ ምልክቱ ከ0.3 እስከ 1.0 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 እስከ 4.9 ነው። በመሃል በጣም በዝግታ ይክፈቱት፤ ቮልቱ በድንገት ዜሮ ከሆነ ወይም ከዘለለ ውስጡ ተበልቷል።

ኦክስጅን ሴንሰር መጨረሻ ላይ ይታያል። አንዳንድ ገበያ ላይ የተሸጡ ኮሮላዎች ጭራሽ ስለሌላቸው መጀመሪያ መኖሩን ያረጋግጡ። ሞተሩ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲሠራ ምልክቱ በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል በ10 ሰከንድ ቢያንስ 8 ጊዜ መመላለስ አለበት። 0.9 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሴንሰሩ ላይ ከመፍረድ ይልቅ ለድብልቁ መወፈር ሌላ ምክንያት ይፈልጉ፤ ኢ2፣ የውኃ ሙቀት፣ የነዳጅ ግፊት።

የሚመጣና የሚሄድ ጥፋት

በዲያግኖሲስ ሣጥኑ ላይ ቲኢ2 የሚል ቀዳዳ ካለ ቁልፉ ጠፍቶ ቲኢ2ን ከኢ1 ጋር ያገናኙ፤ ከዚያ ቁልፉን ኦን ያድርጉ። መብራቱ ከተለመደው ፈጥኖ ብልጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ለአጭር መቋረጥም ንቁ ሆኗል ማለት ነው። ሞተሩን አስነስተው ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይንዱት፤ ቆመውም የሽቦ ጥቅሉን በየቦታው ያወዛውዙ፣ ሶኬቶቹን በእጅ ይንቀጥቅጡ። ሞተሩን ሳያጠፉ ቲኢ1ንም ከኢ1 ጋር አገናኝተው ያንብቡ።

በሙቀት ብዛት የሶኬቶቹ ፕላስቲክ ይደርቅና መቆለፊያው ይሰበራል፤ በክር ማሰር ለጥቂት ቀን ነው። ሶኬት ሲቀይሩ ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም፤ በስታኞ ይበየድ፣ ሙቀት በሚያጠብቀው ላስቲክ ይሸፈን፤ መገጣጠሚያዎቹም ጎን ለጎን እንዳይሆኑ አንዱ ከሌላው ራቅ ይበል።

ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በተሠሩት ላይ

ባለ 16 ፒን መሰኪያ ላላቸው መኪኖች አስተሳሰቡ ያው ነው። ፒ0105 እና ፒ0120 አብረው ሲመጡ 5 ቮልቱን፣ ፒ0110 እና ፒ0115 አብረው ሲመጡ ኔጋቲቩን ያስቡ። በስካነር ሁለቱም የሙቀት ሴንሰሮች -40 ዲግሪ ካሳዩ ተበጥሷል ማለት ነው፤ 140 ካሳዩ ተነካክቷል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ከርካሽ ብሉቱዝ ስካነር ጋር ላይነጋገር ይችላል፤ ያኔ መልቲሜትሩ ይበቃል።

ከጥገናው በኋላ ቁልፉን አጥፍተው የ15 አምፔሩን ኢኤፍአይ ፊውዝ ከ10 ሰከንድ በላይ ይንቀሉና ይመልሱ። ሞተሩ እስኪሞቅ ይንዱት፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ከተነሳ በኋላ ኮዱን እንደገና ያንብቡ። የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ጥፋት ሊደበቅ የሚችለው ሞተሩ ሲሞቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የተነበበ ንጹሕ ውጤት አይበቃም።